ጭስ የቀነሰበት ዓመት

ክንፉ ለወንድሙ አዝካራ እንደማይመጣ የነገሩኝ አማቴ የሻሽወርቅ ናቸው፤ በስልክ። መጀመሪያ የልጄን የሀዳስን ደህንነት ጠየቁ። ቀጥለው ስለ ጉልበታቸው ሕመም አወሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ «ክንፉ አልመጣም ብሏል» አሉ።

አዝካራ እዚህ እስራኤል የሙት ዓመት መታሰቢያን የምንጠራበት ስም ነው። ባሌ ጌታው ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። በሕመም ነው ያረፈው፤ ስለዚያ ከዚህ በላይ መጻፍ አያስፈልግም። ወንድ ልጅ የለንም። ቃዲሹን፣ የሙታኑን ጸሎት፣ አምና ያደረሰው ብቸኛ ወንድሙ ክንፉ ነበር። ሌላ ሰው ቢያደርሰው የሚከለክል የለም፤ የምኩራቡ ሰዎችም እምቢ አይሉም። ግን ወንድም በሕይወት እያለ፣ ያውም ከሃይፋ በአንድ አውቶቡስ በሚደረስበት በነሸር እየኖረ፣ ባዕድ ከቆመ፣ ለመታሰቢያው የመጣው ሰው ሁሉ የሚያየው የቆመውን ሳይሆን የቀረውን ነው። ከዚያ ወዲያ የጌታው ቤተሰብ በእናቱ በኩልና በእኔ በኩል ተብሎ ይከፈላል። አማቴ ይህን አላሉኝም። ሁለታችንም ስለምናውቀው ማለት አላስፈለጋቸውም።

ምን በድዬው ነው ብዬ ጠየቅኩ።

«በሬዲዮ የተናገርሽውን ሰምቶ ነው» አሉኝ።

የምሠራው በሃይፋ የታችኛው ከተማ በሚገኝ አነስተኛ የጥናት ቢሮ ውስጥ ነው። አገሪቱ በየዓመቱ ወደ አየር የምትለቀውን ሙቀት አማቂ ጋዝ እናሰላለን። ከኃይል ማመንጫው፣ ከመኪናው፣ ከፋብሪካው፣ ከከብቱ፣ ከቆሻሻ መጣያው የሚወጣውን እየለየን እንደምራለን፤ ከአምናው ጋር እናስተያያለን፤ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ እንጽፋለን። ሰው ጭሱን በመሣሪያ የምንለካ ይመስለዋል። እኛ ግን ስንት ቶን ከሰል እንደነደደና ስንት ቶን ድንጋይ እንደተቃጠለ ከየድርጅቱ እንጠይቅና እናባዛለን። አብዛኛው ሥራ ስልክ መደወልና ያልተመለሰ መልእክት መከታተል ነው። ሁልጊዜም ከጊዜው ኋላ ነን። ይህ የምተርከው ነገር የሆነው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 መከር ላይ ሲሆን፣ ያን ጊዜ በእጃችን የነበረው የ2013 ሒሳብ ነበር።

2013 ቀንሶ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ዓመት ከባድ ነበር፤ ከግብፅ የሚመጣው የጋዝ ቧንቧ በተደጋጋሚ እየፈነዳ ስለተቋረጠ ማመንጫዎቹ ከሰል፣ ጥቁር የነዳጅ ዘይትና ናፍጣ ሲያነዱ ከረሙ። በ2013 ፀደይ ከሃይፋ ወደ ምዕራብ ከባሕሩ ወለል ሥር የተገኘው ጋዝ መፍሰስ ጀመረ፤ ቁጥሩም ወረደ። በሪፖርታችን የዓምድ ሥዕል ላይ የ2012 ዓምድ ረጅሙ ነው። ያ ዓመት ለእኔ በሌላ ነገር ይታወሳል፤ ነገር ግን የቢሮ ሥራ ሲሠራ ዓምድን እንደ ዓምድ ማየት ይለመዳል።

የአማርኛው ሬዲዮ ስለዚህ ጉዳይ የሚናገር ሰው ሲጠይቅ ኃላፊዬ ሜራቭ ወደ እኔ ላከቻቸው። ጋዜጠኛው «የአገሪቱን ጭስ የምታስቀንሰው እህታችን» ብሎ አስተዋወቀኝ። ላርመው ስል ሙዚቃው ቀደመኝ። የምችለውን ያህል አስረዳሁ። በመጨረሻ፣ እንግዲህ ባጭሩ ምን እንበል ብሎ ጠየቀኝ። «ጥሩ ዓመት ነበር» አልኩ። በቢሮአችን ቁጥሩ የወረደበትን ዓመት የምንለው እንዲያ ነው።

ከዚያ በኋላ የሰፈር ሰው እንደ ባለሥልጣን ያየኝ ጀመር። አንዲት ጎረቤቴ መስኮቷ ሥር ሞተሩን ሳያጠፋ ስለሚቆመው የቆሻሻ መኪና እንድናገርላት ለመነችኝ። ሌላው ደግሞ ልጁን ሲጋራ እንዲተው እንድመክርለት ፈለገ፤ የጭስ ጉዳይ ስለሆነ። ሳቅኩና አለፍኩት። ኩራታቸው ልቤን ነክቶት ነበር፤ የእኛ ሰው በሬዲዮ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ስለ ችግሩ ነው። ሥልጣን አለው የተባለ ሰው ግን በሥልጣኑ ያላደረገውም ይቆጠርበታል። ይህን አላሰብኩትም።

ክንፉ ከወደቡ ጀርባ፣ በባሕረ ሰላጤው የፋብሪካ ቀጠና፣ በአንድ የኖራ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ያስገባው ጌታው ነው፤ ጌታው እስኪታመም ድረስ እዚያው ሠርቷል። ፋብሪካው ሁለት እቶን ነበረው። በ2013፣ በፋሲካ ሰሞን፣ አንዱ እቶን ተዘጋና የዚያ እቶን ሠራተኞች፣ ክንፉም ጭምር፣ ተሰናበቱ። ቆይቶ በወደቡ በር ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። እንግዲህ «ጥሩ ዓመት» ያልኩት ያን ዓመት ነው።

ሀዳስ ከጦር ሰፈሯ ደወለችልኝ። «ኢማ፣ ዶድ ክንፉ ስልኬን አያነሳም፤ ምን አድርገሽው ነው?» አለችኝ፤ እናትም አጎትም የምትለው በዕብራይስጥ ነው። ባጭሩ ነገርኳት። ለመታሰቢያው ቀን ፈቃድ እንዳገኘች ነገረችኝና፣ «እሱ ካልመጣ ማን ቃዲሽ ሊል ነው? እኔ በዩኒፎርም?» አለች። ልትቀልድ ፈልጋ ነበር፤ አልሆነላትም። አጎትሽ ይመጣል አልኳት። በምን እንደሚመጣ አላውቅም ነበር።

ነገሩ በሽማግሌ ይታይ ተባለና አንድ ዓርብ ጠዋት ቲራት ካርሜል አማቴ ቤት ተሰበሰብን። ዓርብ የተመረጠው ሰንበት ሳይገባ ማለቅ ስላለበት ነው፤ አባ ስማቸው፣ ሐሙስ የጀመርከው ሽምግልና ወር ይፈጃል ይላሉ። አባ ስማቸው ሰማንያ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ጎንደር እያሉም ሲሸመግሉ የኖሩ ሰው ናቸው። አብረዋቸው የመጡት ያረጋል ደግሞ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም፤ ሰው ሲናገር ግን በመንገድ ላይ እንዳሉ ሁሉ ወደፊት ወደፊት ያያሉ። ክንፉ ከመስኮቱ አጠገብ የጥበቃ ልብሱን ለብሶ ተቀምጦ ነበር። ከቀትር በኋላ ተረኛ ነው።

አባ ስማቸው መረቁና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የድንበር ጠብ ዳኝቻለሁ፤ የበሬም፣ የጋብቻም። የጭስ ጠብ ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ። ያረጋል ሳቁ። ክንፉ አልሳቀም።

እንዲናገር ሲፈቀድለት ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። እቶኑ ከመዘጋቱ ከአንድ ዓመት በፊት ከእኔ ቢሮ የራስ ቁር ያደረጉ ሰዎች መጥተው፣ በቀን ስንት ድንጋይ ታቃጥላላችሁ፣ በምን ታቃጥላላችሁ እያሉ እንደጠየቁ፣ በዓመቱ እቶኑ እንደተዘጋ ተናገረ። እኔ ሥልጣኑ ቢኖረኝ ማስቀረት፣ ባይኖረኝ አስቀድሞ መንገር እንደነበረብኝ አለ። ከሁሉ በላይ ግን ሬዲዮውን የሰማበትን ሁኔታ ደጋግሞ አነሳ። በጥበቃው ቤት ውስጥ ከእሱ ጋር ከዚያው እቶን የተባረረ ጓደኛው ነበር። እኔ «ጥሩ ዓመት ነበር» ስል ጓደኛው ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ፣ «የወንድምህ ሚስት ደስ ብሏታል» አለው።

ተራው የእኔ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ለፈተና እንደሚዘጋጅ ሰው ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። በቅደም ተከተል መለስኩ። ሰዎቻችን መጥተዋል፤ የመጡት ግን ሊቆጥሩ ነው፣ ሁሉንም ነው የምንቆጥረው፣ ዳቦ ቤቱንም ወተት ፋብሪካውንም። መዝጋትም መክፈትም አንችልም። እቶኑ የተዘጋው እዚህ ተቃጥሎ ከሚወጣው ይልቅ ከቱርክ በመርከብ የሚመጣው ኖራ ስለረከሰ ነው። መዘጋቱንም እኔ የሰማሁት እንደማንኛውም ሰው ከተዘጋ በኋላ ነው።

አባ ስማቸው እጃቸውን አነሱ። «ኖራው ቱርክ ከተቃጠለ፣ ጭሱስ?»

«ጭሱ እዚያ ይቆጠራል፣ አባ።»

«በማን ላይ?»

«በእነሱ ላይ።»

«ሰማዩ ስንት ነው?»

«አንድ ነው» አልኩ።

«ታዲያ በምኑ ነው እንኳን ደስ ያላችሁ የተባልነው?» አሉ። ያረጋል እንደገና ሳቁ። ጥያቄው ግን ደህና ጥያቄ ነበር፤ እኛም ቢሮ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ እንጠይቀዋለን። አንድ አገር ሲጋግር የነበረውን ትቶ ከጎረቤት መግዛት ሲጀምር በመዝገቡ ላይ ንጹሕ ይሆናል፤ እንጀራው ግን ያው ተጋግሯል።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ክንፉን ከቅሬታው ነጻ የማወጣው መሰለኝ። ከባሕሩ ስለመጣው ጋዝ፣ ስለ ከሰሉ፣ ስለ ማመንጫዎቹ አስረዳሁና ወደ እሱ ዞርኩ።

«በሬዲዮ ያወራሁት ስለ እናንተ እቶን አይደለም፣ ክንፉ። የእናንተ እቶን በዚያ ቁጥር ውስጥ አይታይም። ከነጥቡ በኋላ እንኳ አይወጣም።»

ከገባሁ ጀምሮ ያን ጊዜ ነው ፊቴን ያየው።

«አይታይም?»

«ከአገሪቱ ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው።»

«ሦስት ፈረቃ፣ ያ ሁሉ ዓመት?»

የቶኑን ቁጥር ልነግረው ስል ቀጠለ።

«ጌታው ጉልበቱን የጨረሰው እዚያ ነው። እሱም አይታይም በይኛ፣ እታለም።»

ክንፉ ተነሣ፤ የአባ ስማቸውን ጉልበት ሳመ፤ እናቱን ሳመ፤ ፈረቃው እንደደረሰ ተናገረ። በእኔ በኩል ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ፣ «ሻባት ሻሎም» አለኝ። መልካም ሰንበት መመኘቱ ነው። በጨዋነት ነው ያለው፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሌላ ቀን ይታያል ብለው ተበተኑ። አማቴ ለሰንበት ምግብ ያዘጋጁ ነበርና ወደ ጓዳ ተከትያቸው ገባሁ። ሽንኩርት ሰጡኝ፤ መክተፍ ጀመርኩ። ጀርባቸውን እንደሰጡኝ ነው የተናገሩት።

«እሱ እውነቱን አጥቶት አይደለም። ስለ ቱርኩ ኖራ ካንቺ በፊት ነው ያወቀው።»

«ታዲያ ለምን ያን ሁሉ ጠየቀኝ?»

«ምን ይበል? አልመጣሽልኝም ይበል?» ድስቱን ከደኑ። «ወንድሙ ሞተበት፤ ሁላችን ለቅሶ ተቀመጥን። በስድስት ወሩ ሥራው ሞተበት፤ ማን ተቀመጠለት? እኔ ልጄን እያለቀስኩ ነበር፤ አንቺም የራስሽን ነበርሽ። አገር ቤት የሰው በሬ ገደል ሲገባ ጎረቤት መጥቶ አይዞህ ይላል። ለበሬ!»

ሽንኩርቱን ከትፌ ጨረስኩ።

በዚያን ጊዜ ወደ ማንም ቤት አልሄድኩም ነበር። ጌታው ካረፈ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ወደ ቢሮ እሄዳለሁ፣ ወደ ቤት እመለሳለሁ። ለቅሶ ቤት የሚባል ነገር ደጁን መርገጥ አልችልም ነበር፤ ሰዎችም ስለተረዱኝ አልጠየቁኝም። ሰው ፊት ስሙ ሲነሳ ተነስቼ ወደ ጓዳ እሄዳለሁ፤ የታጠበውን ሳህን እንደገና አጥባለሁ። ቀስ በቀስ ሁሉም ተማሩ። እኔ ባለሁበት ጌታው የሚለው ስም አይጠራም። እንዲህ አድርጌ የራሴን ነገር ጠብቄ ይዤ ነበር፤ ሌላው ሰው የራሱን ሐዘን የት ያስቀምጠው ይሆን ብዬ አላሰብኩም።

እሑድ፣ እዚህ አገር የሥራ ሳምንት በሚጀምርበት ቀን፣ ቢሮ ስገባ የምንሠራው ምዕራፍ የዓመቱን ልዩነት የሚያብራራው ነበር። በእኛ ሥራ አንድ ደንብ አለ፤ አንድ መስመር ከአምናው ጎልቶ ከተለወጠ፣ መስመሩ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ምክንያቱ መጻፍ አለበት። በአገሪቱ አጠቃላይ ቁጥር ውስጥ አይታይም ያልኩት ኖራ በሠንጠረዡ ላይ የራሱ መስመር አለው። እዚያ ግማሹን ያህል ወርዷል። በረቂቁ ላይ ከጎኑ የተጻፈው «ምርት ቀንሷል» የሚል ነበር። የጻፍኩት እኔው ሳልሆን አልቀርም።

የኖራ ነገር ከሌላው ይለያል። ከሰል ሲነድ ጭሱ ከማገዶው ነው። የኖራ ድንጋይ ግን ሲቃጠል ከማገዶው ሌላ ድንጋዩ ራሱ በውስጡ የያዘውን ጋዝ ይለቃል፤ የሚበልጠውም ከድንጋዩ የሚወጣው ነው። እሳቱን በፀሐይ ቢተኩት እንኳ ድንጋዩ መልቀቁን አይተውም። ይህን ለዓመታት አውቀዋለሁ። ያን ጠዋት ግን መስመሩን ረጅም ጊዜ አየሁት።

ለሜራቭ ማብራሪያውን መለወጥ እንደምፈልግ ነገርኳት፤ ከሁለት እቶኖች አንዱ እንደተዘጋ፣ ፍላጎቱ ከውጭ በሚመጣ ኖራ እንደተተካ፣ ስለዚህ ቅነሳው ጭሱ ወደ ሌላ አገር መዛወሩን እንጂ መጥፋቱን እንደማያሳይ። ሜራቭ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ከፍ አድርጋ፣ ያን ገጽ የቢሯችን ሦስት ሰዎችና ሪፖርቱን የሚያጣራ አንድ ጀርመናዊ ብቻ እንደሚያነቡት ነገረችኝ። «ግን ልክ ነሽ። ጻፊው፤ ቤሰደር፣ እሺ» አለች። ጻፍኩት። ሲያልቅ ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ሆነ። ክንፉ አያነበውም፤ ቢያነበውም የጎደለበት ዓረፍተ ነገር አልነበረም።

ወደ ማታ ወደ ቤት ስመለስ ስንዴና ሽምብራ ገዛሁ።

ክንፉ ፈረቃ የማይገባበት ቀን ማክሰኞ ነበር። ንፍሮውን ለቅሶ ቤት እንደሚቀቀለው በጨው ብቻ ቀቀልኩት፤ በድስት አድርጌ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ ይዤው በነሸር አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ሽታው ምን እንደሆነ በዕብራይስጥ ጠየቀችኝ። ስንዴ ነው አልኳት። ለበዓል ነው? አለችኝ። አይደለም አልኳት። ዳገቱን ስንወጣ ደጋግሜ ልወርድ አሰብኩ። የማደርገው ነገር በመጽሐፍ የለም፤ በአገር ቤት ልማድም ቢሆን ለእቶን ያለቀሰ ሰው መኖሩን አልሰማሁም።

በሩን የከፈተችው የክንፉ ሚስት ማንአለብሽ ናት። ሰላም አለችኝ፤ ግን ከደጃፉ ፈቀቅ አላለችም። ድስቱን አየችው፤ ፎጣውን ገለጥ፣ ክዳኑን ከፈት አደረገችና መልሳ ከደነችው።

«ይኼ ንፍሮ ነው?»

«ንፍሮ ነው።»

«ማን ሞቶ?»

«እቶኑ» አልኩ።

እያሾፍኩ እንደሆነ ፊቴን መረመረች። «ከልብሽ ነው፣ አስካለች? ሰው ባልሞተበት ቤት? ልጆች አሉኝ እኮ፤ ሟርት ነው።»

«የሞተ ነገርስ አለ። በጊዜው ሳልደርስ ቀረሁ።»

«ዓመት ከመንፈቅ ሆነው!»

«ለለቅሶ ዘገየ አይባልም።»

ይህን ራሷም ስንት ጊዜ ለሰው ብላዋለች። ከውስጥ ክንፉ ማን እንደመጣ ጠየቀ። ማንአለብሽ ዓይኗን ከእኔ ሳታነሳ፣ «የወንድምህ ሚስት ናት። ለእቶንህ ንፍሮ ይዛለት መጥታለች» አለችው።

ከዚያ ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየሁት ነገር ሰማሁ።

«አስገቢያት» አለ። «እቶኑ ሌላ ዘመድ የለው።»

ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «እግዚአብሔር ያጽናህ» አልኩት። ቃሉን እንደዚያ፣ ለሰው እንደሚባለው፣ ሳልቀንስ ሳልጨምር ነው ያልኩት። አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ለቅሶ የደረሰለት ሰው እንደሚመልስ፣ «አሜን፣ ክፉ አይንካሽ» አለኝ። ከዚያ ዝም አልን። ለቅሶ ቤት ውስጥ ዝም ማለት ይቻላል፤ ለካ ይህን ረስቼው ኖሯል።

ማንአለብሽ ሳህን አምጥታ ንፍሮውን አወጣች። መጀመሪያ የቀመሰችው እሷ ናት። «ጨው አንሶታል» አለች፤ ግን ሁለተኛ ጊዜ ዘገነች።

ክንፉ ሳይጠየቅ መናገር ጀመረ። እቶን ሲዘጋ በአንድ ጊዜ እንደማይዘጋ ነገረኝ። ድንጋይ መጨመር ያቆማሉ፣ ቀጥሎ እሳቱን ያጠፋሉ፤ ውስጡ ግን ለቀናት እንደጋለ ይቆያል። የተሰናበቱት ሰዎች ሥራ ሳይኖራቸው ይመጡና ዙሪያውን ይቆሙ ነበር፤ ግድግዳውን በእጃቸው ጀርባ ይነኩት ነበር። አለቃው ወደ ቤታችሁ ሂዱ ሲላቸው፣ እየበረደ ነው፣ ሲበርድ እንሄዳለን አሉት። አለቃውም አብሯቸው ቆመ።

«ያን ጊዜ ጌታው ቢኖር» አለና አቆመ።

ሁሉም ሰው የሚያቆመው እዚያ ላይ ነው። ማንአለብሽ ሳህኑን ማስተካከል ጀመረች። እኔ ተነስቼ ወደ ጓዳ የምሄድበት ጊዜ ነበር፤ ጓዳውም የት እንደሆነ አውቀዋለሁ።

«ጌታው ቢኖር ምን ያደርግ ነበር?» አልኩት።

ክንፉ የምሬን መሆኑን ለማወቅ ጠበቀ። እኔም ጠበቅኩ።

«እንቁላል ይቀቅልልን ነበር» አለ።

አልገባኝም። ማንአለብሽ አፏን በእጇ ያዘች፤ እሷ ታውቃለች።

ጌታው በፈረቃው የታወቀው በእንቁላል እንደነበር ክንፉ ነገረኝ። ከእቶኑ የወጣ ኖራ በባልዲ ያደርጋል፤ መካከሉ ላይ ውሃና እንቁላል የያዘ ጣሳ ይቀብርና ኖራው ላይ ውሃ ያፈሳል። ኖራው መፍላት ይጀምራል፤ እንቁላሉ ያለ እሳት ይበስላል። ለፈረቃው ሁሉ ያበላ ነበር። አዲስ ሰው ሲቀጠር ፊቱን ኮስተር አድርጎ እንቁላሉን ያወጣና ጸሎት ያደረሰበት ያስመስላል።

«ማን አስተማረህ ስንለው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ‹ሚስቴ ናት። ዩኒቨርሲቲ የገባችው እኔ እንቁላል እንድበላ ነው› ይላል። ለሁሉም ነው የሚለው። ለሩሲያውያኑ፣ ለአረቦቹ፣ ለአለቃው። አንቺን የማያውቅ ሰው እቶኑ ላይ አልነበረም።»

ተማሪ ሳለሁ አንድ ማታ ቤት ውስጥ እያነበብኩ ነበር። እሱ ከሥራ መጥቶ ልብሱ ላይ ያለውን ነጭ ብናኝ ያራግፋል። ያ ብናኝ ውሃ ሲያገኝ ለምን እንደሚግል አስረዳሁት፤ ፈተና ስለነበረብኝ ለራሴም ልምምድ እንዲሆነኝ ነው። እሱ እያየኝ ዝም ብሎ ሰማኝ። ለይሉኝታ የሚሰማኝ ነበር የመሰለኝ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን እንኳ አላነሳውም፤ ቤት ውስጥም እንቁላል እምቢ ይለኝ ነበር፤ ጠግቦ ይመጣ ኖሯል።

ሳቅኩ። ማንአለብሽ አየችኝ፤ ፊቴን አላዞርኩም። ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥ ሲል ሽምብራ አፌ ውስጥ ጨመርኩ። ክንፉ ሁለቱንም አየ።

ጥቂት ቆይቶ፣ «እመጣለሁ» አለኝ። «ቃዲሹን እላለሁ። ግን እንዳምናው አይሁን። አምና ሰው ሁሉ የሥራ ስብሰባ የመጣ ይመስል ስለ አየሩና ስለ መንገዱ መጨናነቅ አውርቶ ሄደ። ስሙን አንድ ሰው አልጠራም። እኔ ወንድሜን ያለ ስሙ ማሰብ አልችልም።»

«የእኔ ጥፋት ነው» አልኩ።

«ጥፋት አላልኩም። የእንቁላሉን አወራለሁ ነው ያልኩት።»

«አውራ።»

«በአባ ስማቸው ፊት?»

«በአባ ስማቸው ፊት።»

«አለቃው ደርሶበት ባልዲውን ሲያነሳ፣ ጌታው የላቦራቶሪ ፍተሻ ነው ብሎ እንዳስፈረመውም?»

ማንአለብሽ በሳቅ ወደ ኋላ ተደገፈች። እኔ ሰዓቴን አየሁ፤ የሚቀጥለው አውቶቡስ ሊደርስ ነበር፤ ከመቀመጫዬ ግን አልተነሣሁም፤ ፎጣዬን አጥፌ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

«እሱን ገና አልነገርከኝም» አልኩት።

ክንፉ የንፍሮውን ሳህን ወደ መካከላችን ሳበና ጀመረ።